መምህሩ ለወጣቶች ሲጽፍ፦ ስለ ሁለት ሙያዎች የቀረበ ምልልስ

ተጠራጣሪው፦ መምህርነትና ደራሲነት በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ እንደ በረከት መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። በተለይ ስለ ወጣቶች ልብ ወለድ፣ ማለትም ከ12 እስከ 18 ዓመት ለሚሆናቸው አንባቢዎች ስለሚጻፈውና ዋና ገጸ ባሕርያቱም በአብዛኛው በዚያው ዕድሜ ስለሚገኙበት የድርሰት ዘርፍ ሲነሣ፣ ወጣቱን ከመምህር በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ሊጽፍለት የሚገባውም መምህር ነው የሚለው ሐሳብ ብዙ ሳይመረመር ተቀባይነት ያገኛል። ሁለቱ ሥራዎች ግን የሚነሡበት ቦታ የተለያየ ነው። መምህሩ ተማሪው ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ምን ማወቅ እንዳለበት አስቀድሞ ይወስንና ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ ይጠርጋል፤ የትምህርት ዕቅድ የሚባለውም ይኸው ነው። ደራሲው ግን ገጸ ባሕርዩ ወዴት እንደሚያመራ አስቀድሞ ከወሰነ ገጸ ባሕርዩ ሰው መሆኑ ይቀርና የአንድ ሐሳብ መልእክተኛ ይሆናል። ለሃያ ዓመታት መልሱን እያወቀ ሲጠይቅ የኖረ ሰው መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ ለመጠየቅ ሲነሣ ልማዱ ይከለክለዋል።

ደጋፊው፦ ተቃርኖው ይህን ያህል የጸና ቢሆን ኖሮ የአማርኛ ልብ ወለድ ከመምህር እጅ ባልወጣ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» በሚል ርእስ ያሳተሙት፣ በኋላም «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው መጽሐፍ የወጣው ደራሲው ናፖሊ በነበረው የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ሲያስተምሩ በቆዩበት ዘመን ነው፤ በዚያው ዘመን ስለ አማርኛ ሰዋስው የጻፏቸው መጻሕፍትም አሉ። ዛሬ ለዘርፉ በጠቅላላ መጠሪያ የሆነው «ልብ ወለድ» የሚለው ቃል ከዚህ የቋንቋ መምህር መጽሐፍ ርእስ ጋር የተቆራኘ መሆኑ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከዚህም በላይ የታሪኩ ዋና ሰዎች መንታ ወጣቶች ናቸው፤ ጦቢያ የምትባለው ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር አገር ታቋርጣለች። ይህ ታሪክ ለወጣቶች ተብሎ የተጻፈ ባይሆንም፣ በዛሬው አመዳደብ የወጣቶች ልብ ወለድ ለመባል የሚጎድለው ጥቂት ነው።

ተጠራጣሪው፦ ምሳሌው የተቃራኒውን ወገን ክርክር ያጠናክራል። ታሪኩ የሚጠናቀቀው ንጉሡ ሃይማኖቱን ለውጦ፣ መንትዮቹም በክብር ተድረው፣ ያልተመለሰ ጥያቄ ሳይቀር ነው። ከእሱ በኋላ የመጣውም መንገድ ይኸው ነበር፤ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» የሰውን ልብ መንገደኛ አድርጎ በምሳሌ የሚመክር ነው፤ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ም ትውልዶች በቃላቸው የያዙት፣ በቋንቋው ውበት የማይታማ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ ተረቱ ወደ ምክር የሚወስድ ድልድይ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ይህን አሠራር ቶሎ ይለየዋል። ምክሩ ከየትኛው መስመር ላይ እንደሚጀምር ያውቃል፤ ሲያውቅም ታሪኩ ሰበብ እንደነበረ ይገባውና ልቡን ይመልሳል። የመምህር ጽሑፍ ዋናው ደዌ ይህ ነው፤ አንባቢው በራሱ ጊዜ የሚደርስበትን ነገር ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀዋል።

ደጋፊው፦ የተነሣው ነቀፌታ የሚነካው መቸኮልን ነው፤ ማስተማርን አይደለም። ጥያቄ ጠይቆ ዝም ማለት የሚያውቅ መምህር አለ፤ ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን የሚጽፍም አለ። ምክርን ታሪክ ላይ የሚለጥፈው ሁለተኛው ነው፤ እሱ ደግሞ በክፍልም ውስጥ ደካማ መምህር ነው። የመጀመሪያውን ዓይነት ለማየት እንግሊዛዊውን ፊሊፕ ፑልማንን መመልከት ይበቃል። ፑልማን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ በኦክስፎርድ ከተማ ከ9 እስከ 13 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ያስተማሩ ሲሆን፣ በእነዚያ ዓመታት የሆሜርን ሁለት ታላላቅ የግሪክ ተረኮች፣ «ኢሊያድ»ንና «ኦዲሲ»ን፣ መጽሐፍ ሳይዙ በቃላቸው ለተማሪዎቻቸው ይተርኩ ነበር። ከትረካው በኋላ ፈተና የለም፤ ታሪኩ ነገ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ። ተማሪው ሲሰለች ተራኪው በዓይኑ ያያል፤ አንድ ትዕይንት ረዝሞ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ያሳጥረዋል። ለትምህርት ቤታቸው የጻፏቸው ቴአትሮችም «ካውንት ካርልስታይን» በ1982፣ «ዘ ሩቢ ኢን ዘ ስሞክ» በ1985 ወደ ልብ ወለድነት ተለውጠው ታትመዋል። ታዲያ ቤቱ ተቀምጦ የሚጽፍ ደራሲ ይህን ዓይነት ሥልጠና ከየት ያገኛል?

ተጠራጣሪው፦ ፑልማን ታላቅ ተራኪ መሆናቸው አያከራክርም። ዘርፉ ራሱ እንዴት እንደጀመረ ሲጠና ግን ሌላ ነገር ይታያል። የዘመናዊው የወጣቶች ልብ ወለድ መነሻ ተብሎ በሰፊው የሚጠቀሰው በ1967 እ.ኤ.አ. የታተመው «ዘ አውትሳይደርስ» ነው፤ ርእሱ «ባይተዋሮቹ» እንደማለት ነው። ደራሲዋ ኤስ. ኢ. ሂንተን በኦክላሆማ ግዛት በተልሳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች፤ መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ ሲሆን መጽሐፉ ሲወጣ ገና 18 ዓመቷ ነበር። የጻፈችበትም ምክንያት በዕድሜዋ ላሉ ሰዎች የቀረበው መጽሐፍ በየትምህርት ቤቱ ግቢ የምታየውን ሀብታምና ድኻ ተለያይተው የሚደባደቡበትን ሕይወት ስለማይመስል ነው። መጽሐፉን በምትጽፍበት ዓመት ግን በፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ያገኘችው ውጤት ከመውደቅ አንድ እርከን ብቻ ከፍ የሚል ነበር። ዘርፉን የፈጠረችው ተማሪዋ ናት፤ መምህሩ ከፊቱ የተቀመጠውን ሥራ አላየውም።

ደጋፊው፦ ያ ውጤት የመምህርነት ሙያ ሊያፍርበት የሚገባ ነው፤ ለመከላከል የሚሞክርም ሊኖር አይገባም። ሆኖም የመጽሐፉ ታሪክ በዚያ ውጤት አያበቃም። «ዘ አውትሳይደርስ» እንደወጣ ለጠቅላላው አንባቢ በሚሸጥባቸው መደብሮች ገበያው ቀዝቃዛ ነበር፤ አሳታሚው በኋላ እንዳስተዋለው መጽሐፉን እየገዙ ወደ ክፍል ያስገቡት መምህራን ነበሩ፤ ለዚህ ዕድሜ የተለየ ገበያ መኖሩ የታወቀውም ከዚህ የተነሣ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ አካባቢ የአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የተማሪዎቹን ፊርማ አሰባስባ ለፊልም ሠሪው ለፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «ይህን መጽሐፍ ፊልም ቢያደርጉት» ብላ ጻፈች፤ ፊልሙ በ1983 ወጣ። እንግዲህ አንድ መምህር ሥራውን ሳያይ ቢያልፍም፣ ተማሪዋ የጻፈችውን ለሌሎች ተማሪዎች ያደረሱት የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው።

ተጠራጣሪው፦ ማድረሳቸው እውነት ነው፤ ያደረሱት ግን ምን አድርገው እንደሆነ መታየት አለበት። አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ መምህርት ሉዊዝ ሮዘንብላት ንባብን በሁለት ዓይነት ከፍለውታል። አንደኛው አንባቢው ከጽሑፉ ይዞት ስለሚወጣው ነገር ብቻ የሚያስብበት፣ የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያን እንደማንበብ ያለው ነው፤ ሁለተኛው በንባቡ ሰዓት አንባቢው ውስጥ ለሚሆነው ነገር ትኩረት የሚሰጥበት፣ ታሪኩን እየኖሩ የማንበብ ዓይነት ነው። ልብ ወለድ ለሁለተኛው የተፈጠረ ሆኖ ሳለ ትምህርት ቤት ሲገባ ወደ አንደኛው ይወርዳል። ምንባብ ይባላል፤ ከሥሩ የአንብቦ መረዳት ጥያቄዎች ይደረደራሉ፤ ሟቹ ስንተኛው ምዕራፍ ላይ እንደሞተ፣ ተራኪው ስንት ወንድሞች እንዳሉት ይጠየቃል፤ እውነት ወይም ሐሰት ይባላል። በእህቱ ሞት ምክንያት ታሪኩን ሲያነብ እጁ የተንቀጠቀጠ ልጅና ማጠቃለያውን ከጓደኛው ኮርጆ የመለሰ ልጅ እኩል ስምንት ከአሥር ያገኛሉ። መጽሐፉ ተማሪው እጅ ገብቷል፤ ግን ተማሪው መጽሐፉ ውስጥ አልገባም።

ደጋፊው፦ ሁለቱን ንባቦች ለይተው የነገሩን ራሳቸው መምህርት መሆናቸው ግን መዘንጋት የለበትም። ሮዘንብላት «ሥነ ጽሑፍ እንደ አሰሳ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለውን መጽሐፋቸውን በ1938 እ.ኤ.አ. ያወጡት የጽሑፍ ትርጉም በገጹ ላይ ተኝቶ የሚጠብቅ ሳይሆን በአንባቢውና በጽሑፉ መካከል የሚፈጠር ነው ለማለት ሲሆን፣ የተናገሩትም በአብዛኛው ለመምህራን ነው። መድኃኒቱም ከዚያው ሙያ የመጣ ነው፤ በ1974 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በጄምስ ግሬይ የተጀመረውና ኋላ ወደ መላው አሜሪካ የተስፋፋው የመምህራን የጽሕፈት ሥልጠና የቆመበት መርሕ አንድ ነው፤ ጽሕፈት የሚያስተምር ሰው ራሱ መጻፍ አለበት። መጻፍ ያልሞከረ መምህር የተማሪውን ገጽ የሚያየው ስሕተት እንደበዛበት ወረቀት ነው፤ የሞከረ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ለምን እንደተሰበረ፣ ልጁ ምን ሊል ፈልጎ ቃል እንዳጠረው ይረዳል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም፤ የቅኔ ቤት ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ የቆመው በዚሁ ላይ ነውና። ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ በየዕለቱ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ መምህሩ ሰምና ወርቁን፣ ምጣኔውንና ሰዋስዉን አይቶ ያቃናለታል፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው። መምህሩም በተማሪዎቹ ፊት ራሱ አዲስ ቅኔ ካልዘረፈ የኔታ የሚለውን ክብር የሚያጸናለት ነገር የለም። ደራሲነትና መምህርነት በዚያ ቤት አንድ ሙያ ናቸው።

ተጠራጣሪው፦ የቅኔ ቤቱ ማስረጃ ከቀረቡት ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ስለዚህም በቀላሉ አይታለፍም። ነገር ግን ልዩነቱ ይታይ። ቅኔ ቤት የሚገባው ሰው ቅኔ ሊማር አገር አቋርጦ የመጣ ነው፤ መምህሩ እንደማይሆነው ካወቀ አኩፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ መምህር ይሄዳል፤ ብዙዎች ሄደዋልም። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ተማሪ ግን መምህሩን አልመረጠም፤ ጥሎት ሊሄድም አይችልም። ከዚህም ሌላ ቅኔ ቤት የሚያፈራው ተማሪውን ባለቅኔ አድርጎ ነው። የደራሲው መምህር ክፍል ግን የሚያፈራው ማንን ነው? ታላላቆቹን ስሞች መቁጠር ይቻላል። ዊልያም ጎልዲንግ «የዝንቦች ጌታ»ን በ1954 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሶልዝበሪ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ መምህር ሳሉ ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማስተማሩን ተዉ። ፑልማን በ1986 ከልጆች ክፍል ወጡ። አሜሪካዊው ሪክ ራዮርዳን እንግሊዝኛና ታሪክ ለ15 ዓመታት ካስተማሩ በኋላ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው «የመብረቁ ሌባ» መጽሐፋቸው ዘመን ሙሉ ጊዜያቸውን ለድርሰት ሰጡ። መጽሐፉ ሲሳካ ክፍሉ ይተዋል። እንዲህ ከሆነ ክፍሉ መወጣጫ መሰላል ሆኖ አገለገለ እንጂ ሁለቱ ሙያዎች አብረው ኖሩ ማለት አይቻልም።

ደጋፊው፦ መውጣታቸው የሚመሰክረው በሁለቱ ሙያዎች መካከል ስላለው ጠብ ሳይሆን መምህርነት ስለተጫነበት ሸክም ነው። ቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆሞ ያስተማረ፣ ማታ የሦስት ክፍል ደብተር የሚያርም፣ በዚያ ላይ ደሞዙ የማይበቃው ሆኖ ማስጠናት የሚጨምር ሰው ልብ ወለድ የሚጽፈው ከእንቅልፉ ሰርቆ ነው፤ የሰረቀው መጽሐፍ እንጀራ ሲያበላው አንዱን ሸክም ቢያወርድ የሚወቀሰው እሱ ሊሆን አይገባም። ደግሞም ሁሉም እንደወጣ አልቀረም። ብሪታንያዊቷ ደራሲ ኤሊዛቤት ሌርድ በ1960ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ አስተምረዋል። ከዓመታት በኋላ በ1990ዎቹ ተመልሰው ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር በመተባበር በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክልሎች እየተዘዋወሩ ተረት ነጋሪዎችን አዳመጡ፤ የሰሙትንም ቀለል ባለ እንግሊዝኛ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ማንበቢያ እንዲሆን አዘጋጁ። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ «የቆሻሻው ንጉሥ» ተብሎ ሊተረጎም በሚችለው ልብ ወለዳቸው የአዲስ አበባን የጎዳና ልጆች ሕይወት ለዓለም ወጣቶች ጻፉ። የመጽሐፉ ሁለት ልጆች ማሞና ዳኒ ናቸው፤ ማሞ ወላጅ የሌለው፣ ተታልሎ ከከተማ ተወስዶ ለአንድ ገበሬ የተሸጠ ልጅ ነው፤ ዳኒ የሀብታም ልጅ ሲሆን በትምህርቱ ደካማ በመሆኑ ከተቆጣ አባቱ ሸሽቶ የወጣ ነው። ዳኒን በፈተና ውጤቱ ብቻ የመዘነው ዓለም ያላየለት ችሎታ ጎዳና ላይ ይገለጣል፤ የሚጽፋቸው ታሪኮች እየተሸጡ ለባልንጀሮቹ የዕለት ጉርስ ይሆናሉ። ይህን ገጸ ባሕርይ ለማሰብ በክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠውን ልጅ አንድ ጊዜ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ተጠራጣሪው፦ እዚህ ላይ ክርክሩ ወደ ከባዱ ቦታ ደረሰ፤ «ልብ ብሎ ማየት» የተባለው ነገር ሳይመረመር ሊታለፍ አይችልምና። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ የሚታየው ለእሱ ጥቅም ነው ወይስ ለመጽሐፉ? መምህር ስለ ተማሪው የሚያውቀው ነገር በአደራ የተሰጠ ነው። የአባቱን ስካር፣ የእናቱን ሕመም፣ ምሳ ሳይቋጠርለት የመጣበትን ቀን ያወቀው ስለሚያስተምረው ነው፤ ልጁ ለደራሲ አልነገረም። የጎልዲንግን የሕይወት ታሪክ የጻፉት ጆን ኬሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ ጎልዲንግ ባልታተመ ማስታወሻቸው ላይ ተማሪዎቻቸውን በሁለት ጎራ ከፍለው እርስ በርስ እንዲገጥሙ በማድረግ ምን እንደሚሆን ይመለከቱ እንደነበር መጻፋቸውን ገልጸዋል። «የዝንቦች ጌታ» ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ ልጆች ያለ አዋቂ ሲቀሩ ወደ ጭካኔ እንደሚወርዱ ይናገራል። እነዚያ የሶልዝበሪ ልጆች ግን ያለ አዋቂ አልነበሩም፤ አዋቂው ቆሞ እያየ ነበር። ታላቅ መጽሐፍ ተገኘ ብሎ ይህን ማለፍ ይቻላልን?

ደጋፊው፦ አይቻልም። እንዲህ ያለውን ነገር የመጽሐፉ ታላቅነት አይሽረውም፤ መምህር ተማሪውን መሞከሪያ ሲያደርግ አደራ በልቷል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ መምህር አይጻፍ ማለት፣ ሐኪም የታማሚውን ምሥጢር ሊያወጣ ስለሚችል ሐኪም የሚባል አይኑር እንደማለት ነው። መፍትሔው በአጻጻፍ ሥርዓቱ ውስጥ አለ። አንደኛው ጊዜ ነው፤ ሌርድ አዲስ አበባ ባስተማሩበት ዘመንና «የቆሻሻው ንጉሥ» በወጣበት ዓመት መካከል ከ30 ዓመታት በላይ አልፈዋል፤ ያስተማሯቸው ልጆች በዚያን ጊዜ ራሳቸው ወላጆች ነበሩ። ሁለተኛው ለውጥ ነው፤ ደራሲ ከክፍል መውሰድ ያለበት የአንድን ልጅ ታሪክ ሳይሆን የዕድሜውን ጠባይ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ሲዋረድ እንደሚስቅ፣ ሲወድ እንደሚሳደብ፣ የሚያውቀውን መልስ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ሲል እንደማይናገር ማወቅ የማንንም ምሥጢር አያወጣም። እንዲህ ያለው ዕውቀት ግን በሌላ መንገድ አይገኝም፤ አዋቂ ሁሉ 13 ዓመት ሆኖ ቢያልፍም የሚያስታውሰው ዛሬ ያለውን ልጅ ሳይሆን ራሱን ነው።

ተጠራጣሪው፦ የዕድሜውን ጠባይ ማወቅ ጥሩ ነው። አንድ ጠባይ ግን ለመምህሩ ሁልጊዜ ተሸፍኖ ይኖራል፤ ይኸውም ተማሪው ስለ መምህሩ የሚያስበው ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ኮርሚየር በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት «የቸኮሌቱ ጦርነት» በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ለገቢ ማሰባሰቢያ የሚሸጠውን ቸኮሌት አልሸጥም ስላለ አንድ ተማሪ ይናገራል፤ ልጁን ለማንበርከክ ከጎረምሶቹ ማኅበር ጋር የሚመሳጠረው መምህሩ ነው፤ በመጨረሻም ልጁ ይሸነፋል። ኮርሚየር የዕለት እንጀራቸውን ያገኙት በጋዜጠኝነት ነበር፤ የታሪኩ መነሻም ልጃቸው በትምህርት ቤቱ ቸኮሌት አልሸጥም ማለቱ ነው። ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ባልደረቦቹን በዚህ ዓይን አይቶ፣ ተማሪውንም አሸንፎ ሳያስወጣ መጽሐፉን የሚዘጋ ስንት መምህር አለ? መምህር ሲጽፍ በስተመጨረሻ አንድ ደግ መምህር ይመጣና ነገሩን ያስተካክለዋል።

ደጋፊው፦ ይህ ዐይነት ደግ መምህር በብዙ መጻሕፍት ውስጥ መኖሩን መካድ አይቻልም፤ ብዙ ጊዜም የመጽሐፉ ደካማ ገጽ እሱ ያለበት ነው። ሆኖም «የቸኮሌቱ ጦርነት» በአሜሪካ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ በተደጋጋሚ ክስ ከቀረበባቸው መጻሕፍት አንዱ ሲሆን፣ ወላጅ ሲቆጣ ቆመው የተሟገቱለት መምህራንና የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ነበሩ። ተማሪው በመምህር ላይ እንዲፈርድ የሚያስችለውን መጽሐፍ በተማሪው ዴስክ ላይ ያስቀመጠ መምህር፣ ያንን መጽሐፍ የመጻፍ አቅም የለውም ብሎ መደምደም ችኮላ ነው።

ተጠራጣሪው፦ እንግዲያውስ የመምህሩ ሥራ መስጠት ይሁን፤ መጻፉን ለሌላው ይተው። ደግሞስ ለወጣት ተብሎ መጻፉ ራሱ የግድ ነውን? የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ለወጣቶች ተብሎ አልተጻፈም፤ ወጣቱ ግን የራሱ አደረገው። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ ከአዋቂ ጋር እኩል ሰማው፤ ከፊታውራሪ ቤት ገብቶ ሰብለ ወንጌልን ፊደል በሚያስተምረው በበዛብህ ፍቅር አለቀሰ። ሐዲስም በወጣትነታቸው መምህር የነበሩ መሆናቸው አይካድም፤ ግን የጻፉት ለተማሪ አልነበረም። ወጣቱ የሚፈልገውን ከአዋቂው መደርደሪያ ላይ ራሱ አንሥቶ ይወስዳል።

ደጋፊው፦ የሚወስደው ማን እንደሆነ ግን መታየት አለበት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ14 ዓመቱ አንሥቶ የሚጨርስ ልጅ ቀድሞውኑ አንባቢ የሆነ ልጅ ነው፤ ስለ እሱ ማንም አይሠጋም። የመምህር ጉዳይ ከእሱ አጠገብ ስለተቀመጠው ነው፤ ፊደል ለይቶ፣ ተረት ጨርሶ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ወፍራሙ መጽሐፍ የሚያሻግረው መካከለኛ መጽሐፍ በቋንቋው ስላላገኘ ስለቀረው። ለቤተ መጻሕፍት የተመደበው ክፍል ቁልፉ ጠፍቶ የሚውልበት ትምህርት ቤት ጥቂት አይደለም፤ የተከፈተበትም ቢሆን ከአጋዥ መጻሕፍት በቀር ለዚያ ዕድሜ የሚሆን አማርኛ ልብ ወለድ ማግኘት ያስቸግራል። ራዮርዳን «የመብረቁ ሌባ»ን የፈጠሩት ማንበብ ለሚከብደው፣ በአንድ ነገር ላይ ረጋ ብሎ መቀመጥ ለሚያስቸግረው ልጃቸው በመኝታ ሰዓት እየነገሩት ነበር፤ የመጽሐፉንም ጀግና እንደ እሱ አደረጉት። ደራሲ በተለምዶ የሚያውቀው መጽሐፉን ገዝቶ ያነበበውን ሰው ነው፤ ደብዳቤ የሚጽፍለት፣ ምርቃት ላይ የሚመጣለት እሱ ነውና። ያላነበበውን፣ ጀምሮ የተወውን፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ዓይኑ በመስኮት የወጣውን ልጅ በስሙ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም መምህሩ ነው። ለዚያ ልጅ የሚሆነውን መጽሐፍ ከእሱ ሌላ ማን ይጽፈዋል?

ተጠራጣሪው፦ ይህ ከቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ ለመመለስ የሚከብደው ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ሌላ መጽሐፍ በሌለበት ቦታ የመምህሩ መጽሐፍ ተወዳዳሪ የለውም። ልጁ ደግሞ ውጤቱን የሚሰጠው ሰው የጻፈውን መጽሐፍ «ሰለቸኝ» ብሎ ሊዘጋ አይችልም፤ ይልቁንም እጁን አውጥቶ ያወድሰዋል። ያላነበበውን ልጅ አውቃለሁ የሚለው ደራሲ፣ የራሱን መጽሐፍ ያነበበ መስሎ የሚታየውን ልጅ በገዛ እጁ ይፈጥራል።

ደጋፊው፦ ስለዚህ ደራሲው መምህር የራሱን መጽሐፍ በራሱ ክፍል ለውጤት ማስተማር የለበትም፤ ይህ ሊከራከሩበት የማይገባ ደንብ ቢሆን መልካም ነው። ረቂቁን ግን ስሙን ሳይጽፍበት ከሌሎች ሦስትና አራት ታሪኮች ጋር ቀላቅሎ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ሊያኖረው፣ ማንም ያነሣውን እንዲያነብ፣ ያልወደደውንም በፈለገበት ገጽ እንዲዘጋ ሊተወው ይችላል። ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ረቂቁን አንሥቶ ጀምሮ ቢመልሰው፣ መምህሩ ሊጠይቀው የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተዘጋው በየትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ።

ተጠራጣሪው፦ ልጁስ የተዘጋበትን ገጽ በእውነት ይናገራልን?

ደጋፊው፦ በመጀመሪያው ቀን አይናገርም።